የሙዚቃ መሣሪያ ጥያቄና መልስ፦ የመጀመሪያውን አርክቶፕ ጊታር ስለ መምረጥ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ለብዙ ዓመታት በሆቴልና በሠርግ ባንዶች ውስጥ ሊድ ጊታር ስጫወት ቆይቻለሁ። መሣሪያዬ አካሉ ድፍን የሆነው የተለመደው ኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከጓደኞቼ ጋር ጃዝ እየተለማመድን ሲሆን፣ አሁን ቅዳሜ ማታ በአንድ ምግብ ቤት መጫወት ጀምረናል፤ ከበሮ፣ ቤዝና ሳክስፎን አለን። እኔም ደረቱ ጎበጥ ያለውን፣ በጃዝ ተጫዋቾች እጅ የምናየውን አርክቶፕ ጊታር መግዛት እፈልጋለሁ። አሜሪካ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለገና ሲመጣ ይዞልኝ ሊመጣ ቃል ገብቷል፤ ለሁሉም ነገር ያለኝ 1,000 ዶላር ነው። አንዳንድ ሰዎች «ከወጥ እንጨት የተቀረጸ ካልሆነ አትግዛ፤ ኮምፔርሳቶ ጊታር አይባልም» ይሉኛል። ምን ዓይነት ልግዛ? የአክስቴ ልጅ ሙዚቀኛ ስላልሆነ ምን ምን አይቶ ቢገዛልኝ ይሻላል?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የመከሩዎት ሰዎች ይህን ያሉት ስለ ቦክስ ጊታር ቢሆን ኖሮ አልከራከራቸውም ነበር፤ በቦክስ ጊታር ላይ ደረቱ ከወጥ እንጨት መሠራቱ ድምፁን በግልጽ ያሻሽለዋል። እርስዎ የሚገዙት ግን ከከበሮና ከሳክስፎን ጎን ሆነው፣ በአምፕሊፋየር፣ ሰው እየበላና እያወራ ባለበት ቤት ለመጫወት ነው። ለዚህ ሥራ የመጀመሪያ ምርጫዎ ደረቱ ከስስ እንጨቶች ንብርብር የተሠራ (ወዳጆችዎ ኮምፔርሳቶ የሚሉት)፣ ፒክአፑም፣ ማለትም የክሩን ንቅናቄ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ዕቃ፣ ደረቱ ተቆርጦ የተገጠመለት ጊታር ሊሆን ይገባል። ይህን የምለው ገንዘብዎ ስለማይበቃ አይደለም፤ ሦስት እጥፍ ቢኖርዎትም መልሴ ያው ነበር።

ምክንያቱ ያለው በመሣሪያው ታሪክ ውስጥ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ በካላማዙ ከተማ ይሠራ የነበረው ኦርቪል ጊብሰን የማንዶሊንንና የጊታርን ደረት እንደ ቫዮሊን ከወፍራም ሳንቃ ቀርጾ ማጉበጥ ጀመረ። በ1902 በስሙ የተቋቋመው ኩባንያ ደግሞ በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ ሎይድ ሎር የተባለው ባለሙያ በነበረበት ጊዜ፣ የኤፍ ፊደል ቅርጽ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች ያሉትን ኤል 5 የተባለ ጊታር አወጣ። ያን ጊዜ ጊታርን ከመለከቶች መካከል አጉልቶ የሚያሰማ አምፕሊፋየር አልነበረም፤ ስለዚህ ደረቱ በራሱ ኃይል ድምፅ እንዲያወጣ፣ ድምፁም ፈጥኖ ወጥቶ ፈጥኖ እንዲጠፋ ተደርጎ ተሠራ። በካውንት ቤሲ ኦርኬስትራ ውስጥ ከ1937 ጀምሮ ለሃምሳ ዓመት ያህል ሪትም ይዞ የኖረው ፍሬዲ ግሪን በአብዛኛው ሲጫወት የነበረው እንዲህ ባለ ጊታር፣ ያለ አምፕሊፋየር ነው።

ችግሩ የመጣው ከፒክአፕ ጋር ነው። ጊብሰን ኢኤስ 150 የተባለውን ኤሌክትሪክ ጊታር በ1936 አወጣ፤ ቻርሊ ክርስቲያን በ1939 ከክላሪኔት ተጫዋቹ ቤኒ ጉድማን ጋር መጫወት ሲጀምር ደግሞ ጊታር እንደ ሳክስፎን ጎልቶ ሶሎ ሊጫወት እንደሚችል በዚሁ መሣሪያ አሳየ። በ1942፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ ቢሞትም ከእርሱ በኋላ የመጡት የጃዝ ጊታር ተጫዋቾች ከእርሱ ያልተማሩ አይገኙም። ይሁን እንጂ በራሱ እንዲንቀጠቀጥ ታስቦ የተቀረጸ ደረት ከአምፕሊፋየሩ የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ ይርገበገባል፤ ፒክአፑም ያንን መልሶ ለአምፕሊፋየሩ ያቀብላል፤ ድምፁ እየተመላለሰ ሲያድግ ማንም ያልነካው ወፍራም ክር ብቻውን ማጓራት ይጀምራል። ፊድባክ የምንለው ይህ ነው። እርስዎ በድፍኑ ጊታርዎ እምብዛም ስለማይገጥምዎት በመጀመሪያው ቅዳሜ ሊያስደነግጥዎት ይችላል።

በ1949 የወጣው ኢኤስ 175 ለዚህ ችግር የተሰጠ መልስ ነበር ማለት ይቻላል። ደረቱ ከሜፕል ንብርብር በመጭመቂያ ተጭኖ የጎበጠ በመሆኑ ጠንከር ያለና ቶሎ የማይርገበገብ ነው፤ ዋጋውም በስሙ እንደ ተጻፈው 175 ዶላር ነበር። ጆ ፓስ፣ ጂም ሆል፣ ከእነርሱም በኋላ ፓት ሜቲኒ ለዓመታት የተጫወቱት በዚህ ጊታር ነው። ዛሬ «የጃዝ ጊታር ድምፅ» ስንል በጆሯችን የሚመጣው ለስለስ ያለና ክብ ድምፅ በአብዛኛው የዚያ ኮምፔርሳቶ ድምፅ ነው፤ ስለዚህ ወዳጆችዎ የናቁት ነገር ምናልባት ሳያውቁት ሲያደንቁት የኖሩት ሊሆን ይችላል። ዌስ ሞንትጎመሪ የተቀረጸ ደረት ያለውን ኤል 5 ሲኢኤስ ይጫወት ነበር ብለው ቢከራከሩዎት፣ እውነት ነው። ነገር ግን የዚያ ጊታር ደረት ለፒክአፕ ተቆርጦ ከባድ ዕቃ የተሸከመ ስለሆነ እንደ ጥንቱ በነፃነት አይርገበገብም፤ ዋጋው ደግሞ ለመጀመሪያ ጊታር የሚታሰብ አይደለም።

የተቀረጸ ደረት የሚያስፈልገው በቤቱ ብቻውን ለሚጫወት፣ ከአንድ ድምፃዊ ጋር በዝግታ ለሚሠራ፣ ወይም በስቱዲዮ በማይክሮፎን ለሚቀዳ ሰው ነው። በዚያ ቦታ የእንጨቱ ልዩነት ይሰማል፤ ከሲምባል አጠገብ ግን አይሰማም። አዲስ አበባን በተመለከተም አንድ የሚታሰብ ነገር አለ፤ በበጋ ወራት አየራችን ደረቅ ነው፤ በክረምት ደግሞ እርጥብ ነው። ወጥ እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል፤ የአየር እርጥበቱ ከ45 እስከ 55 በመቶ በሆነ ክፍል ውስጥ ሊቀመጥ ይገባዋል። ንብርብር እንጨት የየንጣፉ ጭረት ተቃራኒ አቅጣጫ ይዞ ስለሚጣበቅ የአየሩን መለዋወጥ በተሻለ ይችላል።

የአክስትዎ ልጅ ሱቅ ሲሄድ የሻጩን ቃል ብቻ እንዳይሰማ ይንገሩት። የስልኩን መብራት አብርቶ የኤፍ ቀዳዳውን ጠርዝ በቅርብ ይመልከት። ጠርዙ ላይ እንደ ኬክ የተነባበሩ ቀጫጭን መስመሮች ከታዩት ንብርብር ነው፤ በደረቱ ላይ ያለው የእንጨት ጭረት በጠርዙ ውፍረት ውስጥ ሳይቋረጥ ወደ ታች ከወረደ ወጥ ነው። ሦስተኛም ዓይነት አለ፤ ስስ ወጥ ሳንቃ ሳይቀረጽ በሙቀት ተጭኖ የጎበጠ ነው። ሻጮች ይህን «ወጥ እንጨት» ብለው ሲያስተዋውቁት አይዋሹም፤ የተቀረጸው ግን አይደለም፣ ስለዚህ የተቀረጸውን ዋጋ ሊከፍልበት አይገባም።

ቀጥሎ መጠኑን ያስቡ፤ በእኔ አስተያየት ብዙ ሰው ለእንጨቱ ሲጨነቅ የሚዘነጋው ይህን ነው። ትልልቆቹ አርክቶፖች በታችኛው ጎናቸው 17 ኢንች፣ ማለትም 43 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋሉ፤ ኢኤስ 175ና መሰሎቹ 16 ኢንች ገደማ ናቸው። ጥልቀታቸው ወደ 8.5 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ከስስ ድፍን ጊታር ለሚመጣ ሰው ይህ ጥልቀት የቀኝ ትከሻን ወደ ላይ ይገፋል፤ አንድ ሰዓት ተቀምጠው ከተጫወቱ በኋላ የሚሰማዎት ሕመም ከልምምድ ማነስ ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ 16 ኢንቹን ወይም ከዚያ ያነሰውን ይምረጡ። አነስ ያለ አካል ለፊድባክም ይረዳል፤ የጃፓኑ ጊታር ሠሪ አይባኔዝ ከ1977 ጀምሮ በጊታር ተጫዋቹ በጆርጅ ቤንሰን ስም የሚሠራው ጂቢ 10 አካሉ ያነሰው በዚሁ ምክንያት ነው። የክሩ ርዝመት፣ ማለትም ከአንገቱ የላይኛው ጫፍ እስከ ብሪጁ (ክሮቹ ደረቱ ላይ እስከሚያርፉበት ድጋፍ) ያለው ልክ፣ በአንዳንዱ 62.8 በሌላው 64.8 ሴንቲ ሜትር ነው። አጭሩ ሰፋፊ ኮርዶችን ለመያዝ ይቀልላል፤ ረጅሙ ከፌንደር ዓይነት ጊታር ለመጣ እጅ የለመደው ነው። በዚህ ላይ ምክር አልሰጥም፣ ጣትዎ ይወስን።

ስለ ፒክአፕ ብዙ አያስጨንቅዎ። ከሁለቱ የሚጠቀሙት በአንገቱ በኩል ያለውን ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለት ጥቅል ያለው ሀምበከር ጫጫታ አያመጣም፤ ፒ 90 የተባለው ባለ አንድ ጥቅል ድምፁ የበለጠ ግልጽና ሻካራ ሲሆን፣ ከፍሎረሰንት መብራትና ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣውን ጫጫታ ይቀበላል። በምግብ ቤት መብራት ሥር ለሚጫወት ሰው ሀምበከሩ ይሻለዋል። ደረቱን ሳይነካ ከአንገቱ ጫፍ ወይም ከመቧጠጫ መከላከያው ላይ ተንጠልጥሎ የሚገጠም ፒክአፕ ደግሞ አለ፤ እርሱ የተቀረጸው ደረት እንዳይታፈን የታሰበ ስለሆነ ለእርስዎ ጥቅም የለውም።

አሁን ወደ ክሮቹ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ጊታሩ ራሱ ካመጣው ለውጥ ይልቅ ክሩ የሚያመጣው ለውጥ ይበልጥ ሊያስቸግርዎት ይችላል። በድፍኑ ጊታር ላይ ባለ 9 ወይም ባለ 10 ክር ይጠቀሙ ይሆናል (ቁጥሩ የቀጭኑ ክር ውፍረት በሺኛ ኢንች ነው)። አርክቶፕ ግን ክሩ ደረቱን በብሪጁ በኩል ወደ ታች ሲጫነው የሚሠራ መሣሪያ ስለሆነ፣ ቢያንስ ባለ 11፣ የተሻለው ባለ 12 ያስፈልገዋል፤ በቀጭን ክር ድምፁ ይሳሳል፣ ብሪጁም በጠንካራ ምት ሊንሸራተት ይችላል። ሦስተኛው ክርም እንደ ወፋፍራሞቹ የተጠቀለለ ይሆናል። ይህ ማለት ትዝታ ሲጫወቱ ክሩን ገፍተው የሚያመጡት ጌጥ፣ ያ የለመዱት መሳብ፣ በአብዛኛው አይኖርም። ጌጡን ጣት ከፍሬት ወደ ፍሬት (በአንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች ከአንዱ ወደ ሌላው) በማንሸራተት መተካት ይኖርብዎታል። አንዳንድ ተጫዋች ይህን መቀበል አቅቶት ጊታሩን በወሩ ይሸጣል፤ እርስዎ ቢያንስ እስከ ፋሲካ ይታገሱት። ዓይነቱን በተመለከተ ፍላትዋውንድ የሚባለውን፣ ጥቅሉ ክብ ሽቦ ሳይሆን ጠፍጣፋ ጥብጣብ የሆነውን ይግዙ፤ ጣት ሲንሸራተት አይፋጭም፣ ድምፁም ለጃዝ የሚፈለገው ደፈን ያለው ነው። ዋጋው ከተራው ክር ከፍ ቢልም ለብዙ ወራት ስለሚያገለግል አይጎዳም። የአክስትዎ ልጅ ሁለት ስብስብ ይጨምርበት።

ብሪጁ በአብዛኞቹ አርክቶፖች ላይ አልተጣበቀም፤ እንደ በገና በርኩማ በክሮቹ ጫና ብቻ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ክር ሲቀይሩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይፍቱ፤ አንዱን ቀይረው ወደ ሌላው ይለፉ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የብሪጁን እግሮች ዳር በቀጭን የወረቀት ፕላስተር ምልክት ያድርጉ። ቦታውን ለመፈተን 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳይጫኑ በጣት ነክተው የሚወጣውን የፉጨት ድምፅ፣ እዚያው ተጭነው ከሚወጣው ጋር በማቃኛ ያወዳድሩ። የተጫኑት ከፍ ካለ ብሪጁን በጥቂቱ ወደ ጭራው፣ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ ይግፉት። የእንጨት ብሪጅ ከሆነ አናቱ ለተጠቀለለ ሦስተኛ ክር ተስተካክሎ የተቀረጸ ሊሆን ስለሚችል፣ ያልተጠቀለለ ቢያስሩበት ያ ክር ብቻውን ከቅኝት ይወጣል፤ ሰው ጊታሩን ሲያማ በደሉ የክሩ ሆኖ ይገኛል።

ከ1,000 ዶላሩ ውስጥ ለጊታሩ ብቻ ሁሉንም እንዳያወጡ እመክራለሁ። አይባኔዝ በ2002 በጀመረው አርትኮር በተባለው ተከታታይ ምርት ውስጥ ያለው ኤኤፍ 75 ንብርብር ደረት፣ ሁለት ሀምበከርና መካከለኛ አካል ያለው ሲሆን፣ አዲሱም ብዙውን ጊዜ ከ1,000 ዶላር በታች ይሸጣል። በኢፒፎን የተሠራውና የጆ ፓስን ስም የያዘው ኤምፐረር 2 ያገለገለ ሆኖ ቢገኝም መልካም ነው። ኢስትማን የተባለው የቻይና ኩባንያ የሚሠራው ኤአር 371 በኢኤስ 175 አምሳል የተሠራ፣ ከሦስቱ በአሠራር ጥራቱ የምመርጠው ነው፤ ሆኖም አዲሱ ከገንዘብዎ ስለሚያልፍ ያገለገለ መፈለግ ይኖርበታል። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ኤኤፍ 75ን ገዝቼ፣ የቀረውን ለጠንካራ ሣጥን፣ ለክርና ለማስተካከያ እመድበው ነበር። ከመነሳቱ በፊት እዚያው ያለ የጊታር ጠጋኝ ክሩን ባለ 12 አድርጎ፣ ከፍታውን በ12ኛው ፍሬት ላይ በወፍራሙ ክር 2፣ በቀጭኑ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል አድርጎ እንዲያስተካክለው ይጠይቅ። አንገቱ ከተጣመመ ውድ ጊታር በደንብ የተስተካከለ ርካሽ ጊታር ይሻላል።

ለጉዞው ክሮቹን በመጠኑ ያላላ እንጂ ጨርሶ አይፍታቸው፤ ከብሪጁ በስተኋላ ባለው የብረት ጭራና በደረቱ መካከልም ለስላሳ ጨርቅ ይወትፍ። አየር መንገዱ ጊታሩን በመንገደኛ ክፍል ይቀበል እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። አምፕሊፋየር ግን እንዳያመጣ አደራ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220 ነው፤ ለሁለቱም ካልተሠራ በስተቀር ያለ ትራንስፎርመር በተሰካበት ቅጽበት ይቃጠላል። ያለዎት አምፕሊፋየር ይበቃል። ከፊት ለፊቱ አይቁሙ፣ ወደ ጎን ይሁኑ፤ ቤዙን ይቀንሱ፣ ትሬብሉን ከግማሽ በታች ያድርጉ፤ ማጓራቱ ካልቆመ የኤፍ ቀዳዳዎቹን በስፖንጅ ይድፈኑ። ቀዳዳው መደፈኑ ለተመልካች ያስቀይማል፣ ለጆሮ ግን ምንም አያጎድልም።

ጥያቄ፦ እኔ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ነኝ። አንድ ጡረታ የወጡ ሰው በ1950ዎቹ የተሠራ አርክቶፕ ጊታር በ800 ዶላር ሊሸጡልኝ ነው። መልኩ በጣም ያምራል፤ ነገር ግን ያረጀ ዕቃ ገዝቼ አላውቅም። ምን ልመርምር? ወደፊት ወደ አገር ቤት ይዤው ለመግባት አስባለሁ።
ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ያረጀ አርክቶፕ ትልቁ ሕመሙ የአንገቱ ነው፤ ስለዚህ ምርመራውን ከብሪጁ ይጀምሩ። በብሪጁ ሁለት ጎን ትንንሽ የብረት መንኮራኩሮች አሉ፤ በእነርሱ ነው ከፍ ዝቅ የሚለው። ብሪጁ እስከ መጨረሻው ዝቅ ብሎ ሳለ ክሮቹ አሁንም ከፍሬቶቹ በጣም ከራቁ፣ አንገቱ በክር ጉተታ ወደ ፊት ዘምሟል ማለት ነው። አንገትን ከአካሉ ነቅሎ በትክክለኛው ማዕዘን መልሶ መትከል ይቻላል፤ ዋጋው ግን ሊከፍሉ ያሰቡትን ያህል ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ጊታሩን በዓይንዎ ልክ አግድም ይዘው ደረቱን ከጎን ይመልከቱ። ጉብታው ከአንገት እስከ ጭራ ሳይሰበር መፍሰስ አለበት፤ ከብሪጁ ሥር ከጎደጎደ ውስጡ ያለው ድጋፍ ተላቋል ወይም ደረቱ ደክሟል። በጣትዎ አንጓ ደረቱንና ጀርባውን በየቦታው ቀስ ብለው ያንኳኩ፤ የተላቀቀ እንጨት ባለበት ቦታ ደረቅ መንጣጣት ይሰማል። በኤፍ ቀዳዳዎቹ ጫፍ ላይ የሚጀምር ስንጥቅ የተለመደ ነው፤ በደንብ የተጣበቀ አሮጌ ስንጥቅ አያስፈራም፣ በዋጋው ላይ ግን ሊነሳ ይገባዋል።

ያን ጊዜ ለጠርዝ ማስጌጫና ለመቧጠጫ መከላከያ የሚጠቀሙበት ሴሉሎይድ ሲያረጅ ይፈራርሳል፤ የሚያወጣውም ጋዝ በአቅራቢያው ያለውን ብረት ያዝጋል። ሣጥኑን ሲከፍቱ ኃይለኛ የሚኮመጥጥ ሽታ ካወደዎት፣ ክሮቹም በመከላከያው አካባቢ ብቻ ዝገው ካገኙዋቸው መከላከያውን አውጥተው ለብቻው ያስቀምጡት። በአንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ መዞሩን ደግሞ ሻጩ ባሉበት ያረጋግጡ፤ ሆኖም ራስዎ በኃይል አይጠምዝዙት።

በብርዱ ወራት የቤትዎ ማሞቂያ አየሩን ክፉኛ ያደርቀዋል። እርጥበት መለኪያ ገዝተው ሣጥኑ ውስጥ ያድርጉ፤ ከ40 በመቶ በታች ሲወርድ ለጊታር የሚሸጠውን ማርጠቢያ ይጠቀሙ። ወደ አገር ቤት ስለ መውሰዱ፣ የጣት ሰሌዳው ወይም ብሪጁ ከብራዚል ሮዝውድ የተሠራ ከሆነ ይጠንቀቁ። ይህ ዛፍ ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት በጥብቅ የተጠበቀ ስለሆነ፣ አሮጌ መሣሪያም ቢሆን ድንበር ሲያቋርጥ ወረቀት ያስፈልገዋል። እንጨቱን የሚለይ ጠጋኝ ከመግዛትዎ በፊት ያሳዩት፤ የእርሱ የምርመራ ክፍያ ከሁሉ የረከሰው ወጪዎ ይሆናል። አንገቱ ደህና ከሆነ 800 ዶላሩን ይስጧቸው። ካልሆነ ግን ማማሩ አያታልልዎት።

ጥያቄ፦ እኔ ያለኝ ስስ፣ ባለ ኤፍ ቀዳዳ፣ ነገር ግን መሐሉ በእንጨት የተሞላ ጊታር ነው። የምንጫወተውም በብዛት የእኛን ኢትዮ ጃዝ ነው። የግድ አርክቶፕ መግዛት አለብኝ?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ የለብዎትም። የእርስዎ ጊታር ጊብሰን በ1958 ያወጣው የኢኤስ 335 ዝርያ ነው፤ ከደረቱ ሥር በመካከል የተዘረጋው ድፍን እንጨት ፊድባክን ለመቀነስ የገባ በመሆኑ ለሞቀ መድረክ ከአርክቶፕ ይመቻል። ሙላቱ አስታጥቄ ከመሠረተው የኢትዮ ጃዝ ድምፅ ውስጥ ጊታር ብዙ ጊዜ የሚሰማው በዋዋ ፔዳል፣ ጠባብና ጮሌ ሆኖ ነው፤ ይህን በትልቅ ባዶ አካል ላይ ማምጣት ከእርስዎ ጊታር ይልቅ ይከብዳል። የአንቺ ሆዬና የባቲ ዜማዎች የሚፈልጉት ክር የመሳብ ጌጥም በቀጭን ክር ይቀልላል።

ስታንዳርድ የሚባሉትን የአሜሪካኖቹን የታወቁ የጃዝ ዜማዎች ስትጫወቱ የሚጎድል ከመሰለዎት፣ ባለ 11 ፍላትዋውንድ ክር እሰሩና አንገቱ በኩል ያለውን ፒክአፕ ብቻ ከፍተው ቶኑን ወደ ግማሽ ይመልሱት፤ ፒኩንም ከብሪጁ አርቀው ወደ አንገቱ ያስጠጉ። ክሩን ሲቀይሩ የአንገቱ ዘንግ በትንሹ መጥበቅ ስለሚፈልግ ለሚያውቅ ሰው ያሳዩት። ለጥቂት ወራት እንዲህ ተጫውተው ኮርዱ ሲመታ ደረት ላይ የሚሰማውን ያንን አጭር ምት አሁንም ከፈለጉ፣ ለአዲስ አበባው ጠያቂ የጻፍኩትን ከላይ ያንብቡ።